ገለጻ መሃል ስክሪኔ ድርግም ይልብኛል፣ መላ በሉኝ

ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር አስጎብኚ ነኝ። ወደ ዘጌ ከመሻገራችን በፊት ስለ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች በላፕቶፕ አሳያለሁ። ላፕቶፑ ኡቡንቱ 22.04 (ሊኑክስ) ነው። ገለጻው ሲሞቅ ስክሪኑ ድርግም! እንግዶቹ መብራት የሄደ ይመስላቸዋል።

ማውዙን ስነካው ወዲያው ይመለሳል፤ ስለዚህ የኬብል ችግር አይመስለኝም። የሚገርመው ቻርጀር ላይ ሲሆን ሰላም ነው፤ በባትሪ ሲሆን ነው የሚያስቸግረው። ፓወር ሴቲንግ ገብቼ ስክሪን ብላንክን «ኔቨር» አድርጌያለሁ። አውቶማቲክ ሰስፔንድንም አጥፍቻለሁ። ኤክስሴት በሚባለው ትዕዛዝ ዲፒኤምኤስን (ስክሪን የሚያጠፋውን የኃይል ቁጠባ) ላጠፋ ስል፣ ዌይላንድ (አዲሱ የስክሪን ማሳያ ስርዓት) ላይ ስለሆንኩ ነው መሰል፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

ባትሪ እንዲቆጥብ ብዬ ቲኤልፒ የሚባል ፕሮግራም ጭኜ ነበር። እሱ ይሆን እንዴ? ወይስ ጂኖም (የኡቡንቱ ዴስክቶፕ) ውስጥ ለባትሪ ብቻ የተደበቀ ሌላ ማስተካከያ አለ? ሎጉንስ (ሲስተሙ የሚመዘግበውን) የት ልይ? በዌይላንድ ፈንታ ኤክስኦርግ (የድሮው ማሳያ ስርዓት) ብገባ ይሻለኛል የምትሉ ካላችሁም ንገሩኝ።