ስለ ሉተር ማርቲን አቋም መለዋወጥ ማብራሪያ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የታሪክና የሕግ ባለሙያዎች፤ እ.ኤ.አ. ከ1778 ጀምሮ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የአሜሪካዋ የሜሪላንድ ግዛት ዋና ዐቃቤ ሕግ ስለነበረው ሉተር ማርቲን አጭር የሕይወት ታሪክ እያዘጋጀሁ ሳለ አንድ ነገር አላስኬድ ብሎኛል። ይህ ሰው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በተረቀቀበት በ1787 የፊላዴልፊያ ጉባኤ ጠንካራ ማዕከላዊ መንግሥትን አጥብቆ ተቃውሞ ሕገ መንግሥቱን ሳይፈርም ቢወጣም፣ ቆይቶ ጠንካራ ማዕከላዊ መንግሥትን ከሚደግፉት ከፌዴራሊስቶች ጎራ ተሰለፈ፤ በ1805 በሴኔቱ ፊት ተከሶ ለቀረበው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳሙኤል ቼዝ፣ በ1807 ደግሞ በአገር ክህደት ለተከሰሰው የፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ባላንጣ፣ ለቀድሞው ምክትል ፕሬዚዳንት አሮን በር ጥብቅና ቆመ። በ1819 ግን ሜሪላንድ በፌዴራሉ ባንክ ላይ ግብር መጣል ትችላለች ወይ በሚለው የማካሎክ ክስ ተመልሶ ለግዛቱ መብት ተሟገተ። ይህን መገለባበጥ የመርሕ ለውጥ ልበለው ወይስ የወዳጅነትና የቂም ውጤት? በበኩሌ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ደግሞስ በ1822 የሜሪላንድ ምክር ቤት፣ ታሞና ደኽይቶ ለነበረው ለዚህ ሰው መጦሪያ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት 5 ዶላር እንዲከፍል መደንገጉ የባልደረቦቹን አክብሮት ያሳያል ማለት ይቻላል? የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁ አለብኝ።