መኪናዬን ራሴ ማጠብና ፖሊሽ ማድረግ ፈልጌ ነው፣ ምን ምን ልግዛ?

ሰብለ_ቱሉዲምቱ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ ባለመኪናዎች። ነጭ ቪትዝ አለችኝ፣ በፈረንጅ 2003 የተሠራች፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አቧራውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት የታጠበች መኪና ማታ ላይ የሰፈር ልጆች በጣታቸው ስማቸውን ይጽፉባታል። እስካሁን ላቫጆ ነበር የማሳጥባት አሁን ግን በቃኝ፣ ባለፈው ቆሜ እያየሁ ልጁ የሲኖትራክ ቸርኬ ሲፈትግበት የነበረውን ስፖንጅ አንስቶ በቀጥታ ኮፈኑ ላይ ጀመረልኝ፣ ምነው ስለው "እትዬ አረፋ አለው እኮ" ብሎኝ እርፍ። ፀሐይ ሲያርፍባት ቀለሟ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ሞልቷል፣ ከዛ ደግሞ ፈዛለች፣ ጣሪያዋን በእጄ ስነካው ነጭ ዱቄት ነገር እጄ ላይ ይቀራል።

በጀቴ 6 ሺህ ብር ነው፣ ቢበዛ 7። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ የግቢው ኮሚቴ ደግሞ በቱቦ ማጠብ ከልክሏል፣ በባልዲ ከሆነ አይናገሩኝም። ቴሌግራም ላይ በቦርሳ የሚሸጥ ሙሉ ኪት አይቻለሁ፣ ስፖንጅ ብሩሽ ዋክስ ምናምን ሁሉም አለው፣ እሱን ልግዛ ወይስ ለየብቻ? ሻምፖ የግድ ነው ወይስ ላርጎ ይበቃል? ፖሊሽ ማድረጊያ ማሽንስ? ቲክቶክ ላይ ሲያዩት ቀላል ነው የሚመስለው።

የጀሞ_ልጅ፦

ኪቱን ተዪው እህቴ። ጓደኛዬ ገዝቶ አይቼዋለሁ፣ የሚያምረው ቦርሳው ነው፣ ውስጡ ያለው ጨርቅ ውሃ አይጠጣም ይገፋል እንጂ፣ ብሩሹም ለምንጣፍ ካልሆነ ቀለም ላይ የሚያርፍ አይደለም። ገንዘብሽን ጨርቅ ላይ አውዪው፣ ምክንያቱም ያ ክብ ክብ ጭረት ፖሊሽ ስላልተደረገ የመጣ ሳይሆን ሲታጠብ የመጣ ነው፣ አሸዋ በስፖንጅ ታሽቶበት ማለት ነው። አስተጣጠቡ ሳይስተካከል ፖሊሽ ብታደርጊ ጭረቱ ቶሎ ተመልሶ ይመጣል፣ ፖሊሽ ደግሞ ቀለሙን ፍቆ ነው የሚያበራው፣ በነጻ አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ማይክሮፋይበር የሚባለው በጣም ደቃቅ ክር ያለው ጨርቅ፣ አሥር ያህል። ስትገዢ በደረቅ እጅሽ ዳብሺው፣ ቆዳሽን ያዝ ያዝ ካላደረገ ተራ ፖሊስተር ነው አትግዢ። ጂኤስኤም የሚል ቁጥር ከተጻፈበት (ጨርቁ በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሚመዝን ነው) ለመጥረጊያ ከ300 እስከ 400 ያለው ይበቃል፣ ለማድረቂያ ወፈር ያለ ትልቅ አንድ። ጠርዙ ላይ የተሰፋችውን ምልክት በመቀስ ቆርጠሽ ጣያት እሷም ትጭራለች። ስፖንጅ በፍጹም፣ ፊቱ ልሙጥ ስለሆነ አሸዋውን ይዞ ነው የሚዞረው፣ በሱ ፋንታ ረዣዥም ክር ያለው የማጠቢያ ጓንት አለ፣ አሸዋው ክሩ መሀል ይገባና ባልዲ ውስጥ ስትነክሪው ይወርዳል። ሁለት ባልዲ፣ አንዱ የሳሙና አንዱ የንጹህ ውሃ፣ ጓንቱ ከመኪናው በተመለሰ ቁጥር ንጹሁ ውስጥ ይታጠባል ከዛ ነው ሳሙና የሚነካው። ለቸርኬና ለጎማ የራሱ ጨርቅ ይኑረው፣ ሌላ ቦታ እንዳይደርስ።

ውሃ ስለሌለሽ ደግሞ በእጅ የሚነፋ 2 ሊትር መርጫ ግዢ፣ የአበባ መርጫ የሚሉትን። በሱ ሁሉንም ቦታ አርሰሽ አቧራው ሲለሰልስ ትንሽ ጠብቂ፣ ከዛ ከጣሪያ ጀምረሽ ወደ ታች፣ የጎማ አካባቢ መጨረሻ። አቧራ ብቻ በሆነበት ቀን አንድ ባልዲ ይበቃሻል፣ ሻምፖ ጠብ አድርገሽበት ጨርቆቹን ነክረሽ ጨምቀሽ፣ አንዱን ጨርቅ ሁለት ጊዜ ስታጥፊው ስምንት ፊት ይኖረዋል፣ አንድ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ስበሽ ፊቱን ትቀይሪያለሽ፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ጭቃ ካለባት ግን ይሄ አይሠራም፣ ክረምት ላይ ውሃ ሳይቆጥቡ ነው። ጥላ ወይ ፀሐይ ሳይከር ይሁን፣ በተለይ የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል።

ላርጎ ቅባት ሊያነሳ ነው የተሠራው፣ ቀለሙን ከላይ ሸፍኖ የሚከላከለውን ዋክስም ቅባት ነው ብሎ ያነሳልሻል። ፖሊሽ ልታደርጊ ያሰብሽ ቀን አንዴ ብትጠቀሚው ችግር የለውም፣ ለዘወትር ሻምፖ ግዢ፣ አንድ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ኦሞ ግን እንዳትሞክሪ፣ ያልሟሟችው ፍሬ ራሷ አሸዋ ናት። ማሽኑ ለጊዜው ይቅር።

ዘኬ_ሹፌር፦

ወንድሜ አታካብድ እንጂ ስምንት ፊት ምናምን ሃሃ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ከአያት ሜክሲኮ ከሜክሲኮ ለገጣፎ የምል ሰው ነኝ፣ በላርጎና በሳልቫጅ ቲሸርት ነው የማጥባት ቀለሟም አለ። ለሷ ግን የምመክራት ውስጡን ነው፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያንን የሚያብረቀርቅ ስፕሬይ እንዳትነፊበት፣ ቀን ላይ መስታወቱ ላይ እያንጸባረቀ ፊትሽን ይከልልሻል፣ መሪና ፔዳል ላይ ከነካማ ያንሸራትታል። እርጥብ ጨርቅ በቂ ነው። መስታወት ከውስጥም ይጠረግ፣ ማታ ዝናብ ላይ የሚያደናግረን ግማሹ ከውስጥ ያለው ቅባት ነው። ከፈጣን መንገዱ የሚመጣውን ሬንጅ ደግሞ በናፍጣ ጥረጊው ወዲያው ይለቃል።

የጀሞ_ልጅ፦

ቲሸርትህ ላይ ቁልፍና ዚፕ ከሌለ ይሁንልህ። ዳሽቦርዱ ላይ ግን ልክ ነህ።

ቀለም_ቀቢው_ሰበታ፦

ናፍጣው ሬንጁን ያነሳል ግን ራሱ አይለቅም፣ ቅባት ሆኖ ይቀርና አቧራ ይሰበስባል፣ የበር ጎማና የመስታወት ላስቲክ ላይ ሲደጋገም ደግሞ ያብጣል። የሬንጅ ማስለቀቂያ ካልተገኘ ደብሊው ዲ ፎርቲ የሚባለውን የሚነፋ ዘይት ጨርቅ ላይ ነፍተሽ አስቀምጠሽበት ትንሽ ቆይተሽ መጥረግ፣ ከዛ ቦታውን ወዲያው በሳሙና ማጠብ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ሁላችሁም አልፋችሁት ሄዳችሁ እንጂ እህታችን "ነጭ ዱቄት እጄ ላይ ይቀራል" ብላለች እኮ። የብዙ መኪና ቀለም ሁለት ድርብ ነው፣ ከታች ከለሩ ከላይ ክሊር ኮት የሚባል እንደ መስታወት ጥርት ያለ ቫርኒሽ። ክሊር ያለው መኪና ዱቄት አይሰጥም፣ ክሊሩ ሲሞት ይላጣል ይቀረፋል እንጂ። ዱቄት የሚሰጠው ያለ ክሊር የተቀባ ነው፣ ቀለሙ ራሱ ከላይ በፀሐይ ተቃጥሎ ማለት ነው። በዛ ዘመን የነበሩ ነጭ ቶዮታዎች ብዙዎቹ እንደዛ ናቸው። ኮፈኑን ክፈቺና የብረት ሰሌዳውን እዪ፣ ከለር የሚለው ጎን 040 የሚል ከሆነ ሱፐር ኋይት የሚሉት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ክሊር የለውም።

ለማረጋገጥ ትንሽ ፖሊሽ ጥቁር ጨርቅ ላይ አድርገሽ የጣሪያውን ጥግ እሺው። ጥቁር ያልኩሽ መኪናሽ ነጭ ስለሆነች ነው፣ በነጭ ጨርቅ አይታይም። ጨርቁ ነጭ ከሆነ ክሊር የለም፣ ከፖሊሹ ራሱ በቀር ምንም ካልነካው ክሊር አለ። በየክፍሉ አድርጊው፣ ጣሪያ፣ ኮፈን፣ አራቱም በር፣ በዚህ አገር አንድ መኪና ላይ ሦስት ዓይነት ቀለም ማግኘት ብርቅ አይደለም።

ክሊር ከሌለ የጀሞው ልጅ ካለው የሚለይበት ነገር አለ፣ ያንቺ መኪና ፖሊሽ ያስፈልጋታል፣ ያ የሞተ ቆዳ ሳይነሳ ዋክስ ብትቀቢ ዱቄት ላይ ነው የምትቀቢው። ደግነቱ እንዲህ ያለ ቀለም በእጅም ይመጣል። የምትገዢው ሁለት ነው፣ መካከለኛ ኮምፓውንድ፣ ማለት ጠንከር አድርጎ የሚፍቀው የፖሊሽ ዓይነት፣ እና ዋክስ። ሸካራውን ኮምፓውንድ አትንኪ እሱ የብርጭቆ ወረቀት ዱካ ማጥፊያ ነው የኛ የጋራዥ ዕቃ። በእጅ የሚያዝ ክብ የፎም ማሻ ፓድ ሁለት ሦስት፣ ጠርዝ ጠርዙን የምትከልይበት የወረቀት ፕላስተር፣ ጠርዝ ላይ ቀለም ስስ ነው ቶሎ ያልቃል። ግማሽ ጣሪያ፣ ከዛ መጥረግ፣ ከዛ ግማሽ፣ ሰፊ ቦታ ቀብተሽ እንዳይደርቅብሽ። ፓዱ ነጭ ሲሆን አትደንግጪ፣ እጠቢው ቀጥዪ። በዛው ቀን ዋክስ፣ ካላደረግሽ ዱቄቱ ይመለሳል። የካርናውባ ዋክስ ሁለት ወር ሦስት ወር ነው የሚቆየው፣ ሰው ሠራሽ የሆነው ሲላንት የሚሉት ከዛ ይበልጣል፣ ውጭ ለምታድር መኪና እሱ ይሻላል።

ማሽን ብለሽ ጠይቀሻል። አንዳንዱ ብረት መቁረጫውን ግራይንደር ፓድ አስሮበት ፖሊሽ ያደርጋል፣ ኧረ እንዳታስነኪ! እሱ በደቂቃ ከ10,000 በላይ ነው የሚዞረው፣ ፖሊሽ ማድረጊያ ሮታሪው እንኳን ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 3,000 ነው። ባለ ክሊር መኪና ላይ ክሊሩ ራሱ 40 ማይክሮን፣ ቢበዛ 50 ገደማ ነው፣ ከፀጉር ይቀጥናል፣ ግራይንደር ዓይንሽ እያየ በሰከንዶች ያቃጥለዋል።

ሰብለ_ቱሉዲምቱ፦

እሺ ጉድ ስሙ። ሰሌዳው 040 ይላል። ጎረቤት ትንሽ ፖሊሽ ሰጠኝና ጥቁር ካልሲ ላይ አድርጌ ሞከርኩ፣ ጣሪያው ካልሲውን ነጭ አደረገው፣ ኮፈኑም፣ የግራ በሮችም። የቀኝ ሁለቱ በሮችና የኋላው ፓራፋንጎ ግን ምንም! ካልሲው ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ስገዛት ደላላው "እህቴ ቀለሟ የፋብሪካ ነው፣ እጅ አልነካትም" ብሎ በልጆቹ ስም ምሎልኝ ነበር። አሁን ቀኝ ጎኗን ምን ላድርገው?

ጋሽ_ዲኤክስ፦

ልጄ፣ ደላላ "እጅ አልነካትም" ካለሽ እጅ ሳይሆን መኪና ነው የነካት ማለት ነው። ለማንኛውም በሩን ከፍተሽ ማጠፊያው ብሎን ላይ ቀለሙ የተላጠ መሆኑን እዪ፣ ተፈቶ ከሆነ ቁልፍ የገባበት ያስታውቃል። በሩ በደንብ እስከዘጋና ዝናብ እስካላስገባ ድረስ ግን አትበሳጪ፣ ደህና ሠሪ ሠርቶታል።

ቀለም_ቀቢው_ሰበታ፦

ጋሼ ልክ ናቸው። ቀኝ ጎኑ እንደገና ተቀብቶ ክሊር ተደርጎበታል። እዛ ላይ ኮምፓውንዱን አትጠቀሚ፣ የተቀባበት ክሊር ምን ያህል እንደሆነ መለኪያ ካልተያዘ አይታወቅም። አጥበሽ ዋክስ ብቻ ቀቢው። ጭረቱ ካስጠላሽ በጣም ደቃቁ፣ ፊኒሺንግ የሚባለው ፖሊሽ አለ፣ እሱን በለስላሳ ፓድ በትንሹ። ጥፍርሽን ስታስኬጂበት የሚይዘውን ጭረት ግን ተዪው ጥልቅ ነው፣ ያንን በፖሊሽ አጠፋለሁ ብሎ የሚታገል ሰው ነው ክሊር የሚጨርሰው። ሌላው ነገር ግራው ሲያበራ ቀኙ ትንሽ ቢጫ ሊመስልሽ ይችላል፣ ፀሐይ ላይ ነው የሚታወቀው፣ ያው ነጭ ነጭን ማስመሰል ለኛም ከባዱ ሥራ ነው።

ሜሪ_ሱሉልታ፦

መሀል ገባሁ ይቅርታ፣ የፊት መብራቴ ቢጫ ሆኗል፣ ኮልጌት ያጠፋዋል የሚሉት እውነት ነው?

የጀሞ_ልጅ፦

ለሳምንታት ያጠፋዋል። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ደቃቅ ማሻ ላዩን ይፍቃል፣ ግን መብራቱ ፖሊካርቦኔት ፕላስቲክ ነው፣ ከፋብሪካ ሲመጣ ከፀሐይ የሚከላከል ሽፋን ነበረው፣ ቢጫ የሆነው እሱ ስላለቀ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ በአማካይ ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌቱ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእኛም ከፍ ትላለች። ስለዚህ በውሃ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 1000፣ 2000፣ 3000 እያልሽ (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል) በእርጥቡ ፈግፍገሽ፣ በፖሊሽ አጥርተሽ፣ መጨረሻ ላይ ዩቪ የሚከላከል ሽፋን ካልቀባሽ ተመልሶ ይመጣል። ሽፋኑን አግኝተሽ ነው ሥራውን መጀመር ያለብሽ።

ሰብለ_ቱሉዲምቱ፦

ጨርቅ፣ ጓንት፣ መርጫ፣ ሻምፖ፣ መካከለኛ ኮምፓውንድ፣ ፓድ፣ ሲላንት፣ ፕላስተር። ባልዲ አለኝ። ቅዳሜ ተክለሃይማኖት አካባቢ ሄጄ አያለሁ። አንድ የመጨረሻ፣ ጎን ያለው ብሎክ እየተለሰነ ስለሆነ ሲሚንቶ ኮፈኑ ላይ ጠብ ጠብ ብሎ ደርቋል፣ በጥፍር ሞከርኩት አልነሳ አለኝ።

ቀለም_ቀቢው_ሰበታ፦

አትፈቅፍቂው፣ ውስጡ አሸዋ አለ። አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅለሽ ጨርቅ ነክረሽ ላዩ ላይ አስተኚው፣ ሲለሰልስ ትንሽ ትንሽ እያለ ይነሳል፣ ካልተነሳ ድገሚው እንጂ አትጫኚ፣ ከዛ በብዙ ውሃ አጥቢ። ከሥሩ ደብዘዝ ያለ ምልክት ከተወ ኮምፓውንዱ ያወጣዋል። ከሁሉም በፊት ግን መኪናዋን ከዛ ግድግዳ ሥር አንሺያት፣ ልስኑ እስኪያልቅ ሌላ ቦታ ትደር።

ዘኬ_ሹፌር፦

ካልሲው ግን የማን ነበር ሃሃ

ሰብለ_ቱሉዲምቱ፦

የባለቤቴ። እስካሁን አልነገርኩትም።