የርዕሰ መምህር ምደባና የወላጅ ድምፅ፦ ለትምህርት መምሪያ የምናስገባው ሐሳብ

ጸሐፊ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ለደሴ ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ የምናስገባው ደብዳቤ ረቂቅ ደርሷል። ፍሬ ነገሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ከመመደቡ በፊት የወላጆች ሐሳብ በጽሑፍ ይጠየቅ የሚል ነው። አጥር ሲወድቅ፣ ወንበር ሲሰበር እኛ ወላጆች እንጠራለን። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላም ገንዘብ ያጣው ወላጅ በጉልበቱ ደርሷል። ትምህርት ቤቱን ማን ይምራ በሚለው ላይ ግን የምንሰማው አዲሱ ኃላፊ ቢሮ ከገባ በኋላ ነው። አዲስ መብት እየፈጠርን አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ኅብረተሰቡ በትምህርት ቤት አስተዳደር እንዲሳተፍ ይል ነበር፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጋ ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡ እንዲጠየቅ መብት ይሰጠዋል።

ጡረታ የወጡ መምህር፦
ልጄ፣ ረቂቁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ወላጅ ይምረጥ» የሚለው ሐረግ ይውጣ። ያረፈደ ልጅ በር ላይ ያቆመ፣ ኮራጅ ያስቀጣ ርዕሰ መምህር ቅሬታ አያጣም፤ በእጅ ብልጫ ከሆነ የሚሾመው ዘመድ የበዛለት ነው። እምነትና ብሔርም ይገቡበታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ሲል በምክንያት ነው። የትምህርት ደረጃንና ልምድን መምሪያው ይመዝን። ለመጨረሻ የደረሱት ዕጩዎች ግን ወላጅ ፊት ቀርበው ዕቅዳቸውን ያስረዱ፤ የተባለው በቃለ ጉባኤ ተይዞ ከውጤታቸው ጋር ይያያዝ። መምሪያው ከወላጁ ሐሳብ የተለየ ውሳኔ ከወሰነ ምክንያቱን ይጻፍ። ይቺን አትልቀቋት፤ ምክንያት መጻፍ ግድ ከሆነ ሹመቱም ይታሰብበታል።

ወላጅ፣ ሰኞ ገበያ፦
መምህር፣ እውነትዎን ነው። እኔን የከነከነኝ ግን ወላጅ ፊት ሲባል የትኛው ወላጅ እንደሆነ ነው። ልጄን ላስመዘግብ ሄጄ አንድ ወረቀት ተሰጠኝ፤ ስምና ፊርማ እንጂ አጀንዳ የለበትም። ምንድን ነው ብል «የወላጅ ኅብረት ምርጫ ነው፣ ፈርሚ» ተባልኩ። ማን እንደተመረጠ ሳላውቅ መራጭ ሆንኩ። እንዲህ ያለ ኅብረት ስለ ርዕሰ መምህር ቢጠየቅ የሚያወራው ስለ እኛ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የኅብረቱ ምርጫ በጠቅላላ ጉባኤ ይሁን። ሰኞ አይጠራ፣ ገበያ ነን። ዓርብ ጁምዓ አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሻላል። ማስታወቂያውም በየቅሬው (በየዕድሩ) ወርሃዊ ስብሰባ ይነገር፤ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ማንበብ የማይችል ወላጅ ብዙ ነው።

አባል፣ ኮምቦልቻ፦
እህቴ ያለችው እኛም ጋ አለ፤ የእኛ ወላጅ ደግሞ በሺፍት የሚሠራ ነው፣ ፋብሪካ ያለው ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለው። አንድ ቀን ብቻ ከተጠራ ግማሹ ሥራ ላይ ነው። ጉባኤው በሁለት ዙር ይሁን። ደግሞ ኮምቦልቻ የራሷ ከተማ አስተዳደር ስላላት ለእኛ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

ሒሳብ ያዥ፦
ገንዘቡንም አንርሳ። ወላጅ የሚያዋጣው ሞዴል 64 በሚባለው የመንግሥት የገቢ ደረሰኝ ይሰብሰብ፤ ከመንግሥት የሚመጣው የትምህርት ቤት ድጎማም በየመንፈቁ ለጉባኤው ይነበብ። ብሩ የት እንደዋለ ያላየ ሰው የርዕሰ መምህሩን ሥራ በምን ይመዝናል?

ጸሐፊ፦
ሁሉም ገብቷል። «ይምረጥ» ወጥቶ «ዕቅዱን ሰምቶ ሐሳቡን በቃለ ጉባኤ ያቅርብ» ተብሏል። የኅብረቱ ምርጫ ቀዳሚ ሆኗል፤ ድጎማውና ደረሰኙ በአባሪ ተያይዘዋል። ጁምዓንና ሺፍትን በተመለከተ «ወላጁ በሚመቸው ቀን» ብዬ ነበር፣ መልሼ ግን ቀኖቹን በስማቸው ጻፍኳቸው፤ ደፍነን ከተውነው በሥራ ሰዓት ይጠሩናል። የመምህራን ዝውውርና ምደባ የሚሠራው በክረምት ስለሆነ ደብዳቤው ከሰኔ አጋማሽ በፊት መዝገብ ቤት መግባት አለበት። የኮምቦልቻውን ቅጂ እዚያው ያሉ አባላት ይውሰዱት። መምህር፣ ምክንያት ይጻፍ የሚለውን አንቀጽ በእርስዎ አገላለጽ ጽፈው ቢልኩልኝ፤ የቀረው እሱ ብቻ ነው።