ኮቢ ኦዝ «ቀልደኛ ብቻ» ነው?

የስዴሮት ልጅ፦ ትናንት ሰርግ ላይ ስለ ዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ሲወራ አንዱ ስለ እስራኤላዊው ዘፋኝ «ኮቢ ኦዝ ቀልደኛ ብቻ ነው፤ በፈረንጆቹ 2007 ሄልሲንኪ ድረስ ሄዶ አዋርዶን መጣ» አለ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ያደግኩት ጋዛ ድንበር አጠገብ ባለችው የእስራኤል ከተማ ስዴሮት ነው። የኮቢ ባንድ ቲፓክስ በ1988 ከዚያ ሲነሳ ከተማችንን ከቁም ነገር የሚቆጥራት አልነበረም። ኮቢ፣ ከቱኒዚያ የመጡ ሰዎች ልጅ፣ ሮክን ከአኮርዲዮንና ከአያቶቹ ዜማ ጋር ቀላቅሎ አገር ምድሩን አስዘፈነ። ይሄ «ብቻ» ይባላል?

አባ መላ፦ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ አልሸሽም። በግማሽ ፍጻሜው ከ28 አገር 24ኛ፣ 17 ነጥብ። ፍጻሜውን ከቤታችን አየነው። ስለ ኒውክሌር ቁልፍ በሦስት ቋንቋ እየዘለሉ መዝፈን ምን ይሉታል? ዓለም በሚያይህ ቀን በዚህ ይቀለዳል?

የስዴሮት ልጅ፦ እና ስለ ምን ይዝፈን? ያኔ ስዴሮት ላይ ሮኬት መውደቅ ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሳይረኑ ሲጮህ መጠለያ ለመግባት 15 ሰከንድ ነው ያለህ። እናቴ በ15 ሰከንድ ሦስት ልጅ ይዛ ትሮጥ ነበር። የዘፈነው ፍርሃታችንን ነው። እየሳቀ ስለተናገረው ፍርሃት መሆኑ ቀረ?

ዘውዲቱ፦ አባ መላ፣ ነጥቡን ተወው። ዘፈኑ ሊታገድ ነው ተብሎ ስንት ተወራ፣ በኋላ አዘጋጆቹ አሳለፉት። ቀልድ ብቻ ቢሆን ማን ይጨነቅበት ነበር?

አባ መላ፦ «ብቻ»ን ይዛችሁ ቀራችሁ! ሰውየው ይችላል፤ ስጦታውን አቃለለው ነው የምለው። የባንዱን ስም እንኳ ከጽሑፍ ማጥፊያ ፈሳሽ ነው የወሰደው።

ዘውዲቱ፦ በ2010 ያወጣውን አልበም ስማ እንጂ። አያቱ የቱኒዚያ የምኩራብ ዜማ አዋቂ ነበሩ። በድሮ ቅጂ የቀረ ድምፃቸውን አምጥቶ አብሯቸው ዘፈነ። ሳዳምጠው አለቀስኩ። የኔ አያት ቄስ ነበሩ፣ ሲጸልዩ ቤቱ ጸጥ ይል ነበር። ድምፃቸውን የቀዳ ሰው የለም።

ቤርሼባ 8፦ ስለ ቱኒዚያ አያት ስንከራከር ሐጊት ያሶ ተረሳች? እሷም የስዴሮት ልጅ ናት፣ የኛው። በ2011 የእስራኤልን የቴሌቪዥን የዘፋኞች ውድድር ኮኻቭ ኖላድን አሸነፈች።

አባ መላ፦ በድምፅዋ! አንድም ሳትቀልድ።

የስዴሮት ልጅ፦ የመረጣት ሕዝብ ስዴሮት ዘፋኝ እንደምታወጣ ከየት አወቀ? ቲፓክስ ቀድሞ አሳይቶት ነው።

ቤርሼባ 8፦ ይሄን አልቀበልም። የልጅቷን ድል ለኮቢ አትስጠው። ለሐበሻ ልጅ በር የከፈተ የለም፤ ገፍታ ነው የገባችው።

የስዴሮት ልጅ፦ ድሏን ማን ወሰደባት? መንገዱን ነው ያልኩት።

ቤርሼባ 8፦ መንገዱም የሷ ነው!

ዘውዲቱ፦ እባካችሁ ሁለታችሁም። አባ መላ፣ አልበሙን ሰምተኸዋል?

አባ መላ፦ አልሰማሁም።

ዘውዲቱ፦ እንግዲያው «ብቻ» የምትለዋን ቃል አንሳ።

አባ መላ፦ ዛሬ ማታ እሰማዋለሁ። ሄልሲንኪን ግን አልረሳም።