"በአንድ ቋንቋ ብቻ አውሩት" ድሬ ላይ ያስኬዳል?

የሳቢያን እናት፦
ሰላም የድሬ ልጆች። ልጄ 6 ዓመቱ ነው። ኦቲዝም እንዳለበት ካወቅን ሁለት ዓመት ሆነን። ባለፈው ወር አንዲት ባለሙያ አየችውና "ቤት ውስጥ በአንድ ቋንቋ ብቻ አውሩት፣ አታደበላልቁበት" አለችን። (በነገራችን ላይ "እርስዎ" እያለች ስታናግረኝ ኋላዬን ዞሬ አየሁ፣ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ።) እሺ ብለን አማርኛ መረጥን።

ችግሩ፣ ቀኑን ሙሉ እሱን የምትይዘው የአባቱ እናት ናት። አኮ (አያቱን በኦሮምኛ እንዲህ ነው የምንላት) አማርኛዋ አሸዋ ገበያ ሄዳ ቲማቲም ለመከራከር ይበቃል፣ ከዚያ አያልፍም። "በኦሮምኛ አታውሪው" ካልናት ሦስት ሳምንት ሆነ። ታበላዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ታስተኛዋለች። ዝም ብላ። ትናንት ከሥራ ስገባ እሱ ምንጣፉ ላይ የለስላሳ ቆርኪ ይደረድራል፣ እሷ መቁጠሪያዋን ይዛ ጥግ ተቀምጣለች። ቤቱ ለቅሶ ቤት ይመስላል። ሌሎች ወላጆችም ይሄንኑ ተብለዋል። ልክ ነው ትላላችሁ?

የገንደ ቆሬ አባት፦
ልክ ናት። የኔ ልጅ 9 ዓመቷ ነው። እኔ በአማርኛ "ነይ" እላለሁ፣ እናቷ "ኮቱ" ትላለች፣ ጎረቤታችን በሶማልኛ "ካሌይ"። ለአንድ መምጣት ሦስት ቃል! ጤነኛ ልጅ ይለየዋል። የኛዎቹ ግን አንዱን ለመያዝ ስንት መከራ አለባቸው። ሁሉን ትተን በአማርኛ ብቻ ሄድን። ዛሬ ውሃ ስትፈልግ "ውሃ" ትላለች። ድሮ እጄን ጎትታ በርሜሉ ጋ ነበር የምትወስደኝ።

ስም የለሽ፦
እኔ የሰማሁት ራሱ በሽታውን የሚያመጣው የቋንቋ ብዛት ነው። ጭንቅላታቸው ይምታታል።

የመጋላ ልጅ፦
አቦ ተው! ቋንቋ ቢያሳምም ድሬ ላይ ማን ይተርፍ ነበር? እኔ በአማርኛ ተሰድቤ በሶማልኛ ታርቄ በኦሮምኛ ነው ምሳ የበላሁት። ዛሬ ብቻ።

መምህርት (ልዩ ፍላጎት)፦
ሁለት ጥያቄ ተደባልቋል። ኦቲዝም ከቋንቋ ብዛት አይመጣም። አእምሮ ሲያድግ የሚፈጠር ልዩነት ነው፣ ከወላጅ የሚወረሰውም ትልቅ ድርሻ አለው። አንድ ቋንቋ ብቻ በሚነገርበት አገርም ሞልቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰው አንዱ ኦቲዝም አለበት ብሎ ገምቷል። ደግሞ "ጤነኛ ልጅ" እያልክ አታወዳድር ወንድሜ፣ ልጅህ አልታመመችም።

ሁለተኛው ጥያቄ ይሻላል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሁለት ቋንቋ ቢሰማ የባሰ ይዘገያል ወይ? ይሄ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ካናዳ ውስጥ በ75 ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት ወጥቷል። አንድ ቋንቋ የሚሰሙትን ሁለት ከሚሰሙት ጋር አነጻጸሩ። ሁለት በመስማታቸው የተጨመረ መዘግየት አላገኙም። ከዚያ ወዲህ የተሠሩትም ባብዛኛው እዚያው ነው ያረፉት። "አንዱን ቋንቋ ተዉ" የሚለው ምክር የቆየ ልማድ ነው። ብዙዎቻችን እንደዚያ ተምረናል፣ እኔም ለወላጆች ብዬዋለሁ። ዛሬ አልልም።

የገንደ ቆሬ አባት፦
ካናዳ! እዚያ ልጁን የንግግር ባለሙያ በየጊዜው ያየዋል። እኛ አንድ ሰው ለማየት ከነጋ እስኪመሽ አውቶቡስ ላይ ተቀምጠን ነው አዲስ አበባ የምንገባው። ልጄ አውቶቡስ ውስጥ ጆሮዋን ይዛ ስትጮህ ያ ሁሉ ተሳፋሪ ዞሮ ሲያየን፣ አዋሽ ላይ ወርጄ በእግሬ ልመለስ ነበር።

የማስተማሪያ መሣሪያውስ በምን ቋንቋ ነው? ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ስትከፍት ማንም ስለ ኦቲዝም አያወራም ነበር። ነፍሷን ይማርና "አቡጊዳ ፎነቲክስ" ያለችውን ዘዴ በፊደላችን ድምፅ ነው የሠራችው። እጄ ላይ ያለው ካርድም መጽሐፍም አማርኛ ነው። ያለችኝን ትንሽ ጊዜ ለሦስት ስካፈላት ለልጄ ምን ይደርሳታል?

መምህርት (ልዩ ፍላጎት)፦
እዚህ ላይ አልከራከርህም። ልምምዱ በአንድ ቋንቋ ይሁን። ያንተ ቤት አማርኛ የሁላችሁም ነው፣ ሠራላችሁ። የሷ ቤት ግን ሌላ ነው። አያቲቱ በማትችለው ቋንቋ አውሪ ስትባል ሦስት ቃል ተናግራ ዝም ትላለች። በራሷ ቋንቋ ከሆነ ታጫውተዋለች፣ ታንጎራጉርለታለች፣ ትቆጣዋለች። ልጁ ያጣው ኦሮምኛን ብቻ አይደለም። በቀን ስምንት ሰዓት የሚያዋራውን ሰው ነው ያጣው።

የሐረር አክስት፦
እኔ ጁገል፣ ግንቡ ውስጥ ነኝ። የእህቴ ልጅ 11 ዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ ጌይ ሲናን (ሐረሪኛ)፣ ውጭ አማርኛና ኦሮምኛ። ነደባው (ቤት ውስጥ ያለው መቀመጫ መደብ) ላይ አንድ ቦታ አለችው፣ ሌላ ሰው ከተቀመጠባት ቀኑ አለቀ። እሱን "በአማርኛ ብቻ" ብንል አያቱ፣ አጎቶቹ፣ ሠርጉ፣ ሁሉም ይቀርበታል። እንግዳ በሞላበት ቤት ብቻውን የሚያድር ልጅ ይሆናል። ከስንት ሰው ጋር ነው የምንቆርጠው?

የገንደ ቆሬ አባት፦
መጀመሪያ አፉን ይፍታ፣ ሠርጉ ይደርሳል።

የሳቢያን እናት፦
የኔው አፉን የፈታው በታክሲ ጥሪ ነው። ሳቅ ይመጣባችኋል። ሌላ ምንም ሳይናገር የሰፈሯን ስም "ከዚራ ከዚራ ከዚራ!" ይላል፣ ልክ እንደ ረዳቶቹ ድምፁን ጎትቶ። ሲደሰትም ይላታል፣ ሲከፋውም ይላታል። ሰው "ይደጋግማል፣ ትርጉም የለውም" ይለኛል።

መምህርት (ልዩ ፍላጎት)፦
ትርጉም አለው። የሰሙትን መድገም ለብዙዎቹ ልጆች የንግግር መንገድ ነው። ሲከፋው የሚላት "ከዚራ" ምናልባት "ከዚህ እንሂድ" ትሆናለች። መቼ መቼ እንደሚላት ጻፊ። የሥዕል ካርድም ሥሪለት። ኩባያ፣ እንጀራ፣ በር፣ ባጃጅ፣ በቃ። ሥዕል ቋንቋ አይመርጥም። አኮ ካርዱን እያሳየች "ቢሻን" ትበል፣ አንቺ "ውሃ" በይ።

የገንደ ቆሬ አባት፦
ካርድ ከለመደ መናገሩን ይተወዋል። እኔ ለዚህ ነው መሳቢያ ውስጥ የቆለፍኩበት።

መምህርት (ልዩ ፍላጎት)፦
አይተወውም። ይሄም ተጠንቷል። ካርድ ንግግርን አያስቀርም፣ አንዳንዱን እንዲያውም ያግዘዋል። የኔ ቅሬታ ከትምህርት ቢሮው ጋር ነው። ድሬ ላይ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም ይማራል። ለወላጅ የሚሰጠው ምክር ታዲያ ለምን ከአንድ ቋንቋ ከተማ የመጣ ይመስላል? መመሪያው በሦስቱም ተጽፎ ይሰጠን። እስከዚያ እንዲህ እየተጨቃጨቅን እንቆያለን።

የመጋላ ልጅ፦
በሦስቱም እየተጨቃጨቅን።

የሳቢያን እናት (ከአራት ቀን በኋላ)፦
ተመለስኩ። አኮን "እንደ ድሮሽ አውሪው" አልኳት። መጀመሪያ አኮረፈች። "ልሳኔን ዘግታችሁ አሁን ክፈቺ ትሉኛላችሁ?" አለች። እውነቷን ነው፣ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ዛሬ ጠዋት ሙቀቱ ገና በሦስት ሰዓት ጀምሮ ነበር። እሱ እንደልማዱ ሸሚዙን አውልቆ ሲሚንቶው ላይ ተኝቷል። አኮ ጆጉን አነሳችና በረዳት ድምፅ "ቢሻን ቢሻን ቢሻን!" አለች። የ70 ዓመት ሴትዮ! ቀና አለ። ደገመችው። ከት ብሎ ሳቀ፣ ተነስቶ ኩባያውን አመጣላት። "ቢሻን" አላለም። "ውሃ"ም አላለም። ኩባያውን ግን አመጣ፣ አይን አይኗንም እያየ።

የገንደ ቆሬ አባት፦
ደስ ይላል። ግን ኩባያ ማምጣት መናገር አይደለም።

መምህርት (ልዩ ፍላጎት)፦
ነው።

የገንደ ቆሬ አባት፦
አንስማማም። ለማንኛውም ካርዶቹን ከሠራሻቸው ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የባጃጇን በተለይ።

የሳቢያን እናት፦
ማታ እልካለሁ። አሁን መብራት ሄዷል፣ ስልኬ 4 ፐርሰንት ነው።