የተዘጋ የከሰል ጉድጓድ፣ ቀይ ውሃ እና ግድብ የሚቆፍር ጃርት

የአምባሰሉ
እንዴት ከረማችሁ ወገኖች። ያለሁት አምባሰል፣ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ነው። ከመንደራችን በላይ የድንጋይ ከሰል ይወጣበት የነበረ ቦታ አለ። ሲያወጡ የነበሩት ከሄዱ ቆዩ። ለእኛ የቀረልን የጥቁር አፈር ክምር፣ የአፈር ግድብ ያለው ኩሬ እና ውሃውን የሚያስወጣ አንድ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ቀበሌው «አንተ ለቦታው ቅርብ ነህ፣ አየት አድርገው» ብሎ እኔ ላይ ጣለው። ደመወዝ? እሱን ተዉት።

ውሃው የሚወርድበት ቦይ ድንጋዩ ሁሉ ዝገት የተቀባ ይመስላል። ያው ብርቱካናማ ዝቃጭ ቱቦው ውስጥም እየጋገረ ያጠበዋል። በዚያ ላይ እንስሳቱ! ጃርት ግድቡን ቆፍሮ ገብቷል። እሾሁን ከጉድጓዱ አፍ ላይ ለቅሜያለሁ። ቱቦውንም ፍቆታል፤ የጥርሱ መስመር ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይታያል። ዝንጀሮዎቹ ደግሞ ሊጠጡ ሲወርዱ ድንጋይ እያንከባለሉ የቱቦውን አፍ ይደፍኑታል። ሐምሌ ሲገባ ውሃው በግድቡ ላይ እንዳይፈስ ፈራሁ። ከስር የሰው ማሽላ አለ። አንዳንዱ «መርዝ አድርግለት» ይለኛል። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ጡረተኛው
አብሽር ልጄ። መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ። ቱቦውን ተወውና ግድቡን እይ። በታች በኩል፣ በደረቁ ፊት፣ የሚያለቅስ ቦታ አለ? ካለ በብርጭቆ ቅዳና ወዲያው ወደ ብርሃን ያዘው። ጥርት ብሎ ወጥቶ ሲቆይ ከቀላ፣ ብረት ነው፤ ጊዜ አለህ። ከመጀመሪያው ደፍርሶ ከወጣ ግን ውሃው የግድቡን አፈር ከውስጥ እየጠረገ ነው። ያኔ አታመንታ፣ ከስር ላሉት ሰዎች ንገር፣ የኩሬውን ውሃ ቀስ በቀስ ቀንስ። ጭቃ እንዳትለጥፍበት። ከውጭ ከደፈንከው ሌላ መውጫ ይፈልጋል። አሸዋ፣ በላዩ ጠጠር፣ ከዚያ ትልልቅ ድንጋይ ጫንበት። ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር።

ጃርቱን በተመለከተ፣ አፉን ብቻ መድፈን ዋጋ የለውም፤ ዋሻው ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ጃርት የሌሊት እንስሳ ነው። አፉ ላይ ቀጫጭን እንጨት ደርድር። ሌሊቶች አልፈው ካልተነካ ባዶ ነው። ከዚያ በበጋ፣ ኩሬው ዝቅ ሲል፣ እስከ ጫፉ ቆፍረህ ክፈተው። እርጥበት ያለው የሸክላ አፈር ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር እየደለደልክ፣ እየጠቀጠቅክ ሙላው። ላዩን ሽቦ አልብሰው፣ የሽቦውንም እግር ግማሽ ሜትር ቅበር። ደሾ ሳር ትከልበት። ባሕር ዛፍ ግን ወዲያ! ሥሩ የበሰበሰ ዕለት ለውሃ መንገድ ይሆናል።

መርዙን እርሳው። ጥንቡን ጥንብ አንሳ ይበላዋል፣ የጎረቤት ውሻም ይሞታል። ዋሻው እስካለ ድረስ ሌላ ጃርት ይወርሰዋል።

እቱ ከደሴ
ጋሼ ግድቡን ጨርሰውታል። እኔ ስለ ቀለሙ ልበል። ከሰል ውስጥ ብዙ ጊዜ ፓይራይት ይገኛል፤ የብረትና የድኝ ማዕድን ነው። አየርና ውሃ ሲያገኘው ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል። ብረቱ ሟሙቶ ይመጣና አየር ሲነካው ይዘቅጣል። ቱቦህን የሚያጠበው እሱ ነው።

ስለዚህ የቱቦውን አፍ ከዳር አርቀህ ከውሃው በታች አስገባው፣ ዙሪያውን ሰፊ የሽቦ ቅርጫት አድርግለት። ዝንጀሮ አይደርስበትም፣ ድንጋዩም ዳር ላይ ይቀራል። የመውጫውን ጫፍ በክርን (በጎባጣው የቱቦ ማያያዣ) ወደ ላይ ቀና ብታደርገው ቱቦው ሁሌ ሙሉ ይሆናል፤ አየር ካልገባ ዝቃጩ ይቀንሳል። ግን ክረምትን በቱቦ ብቻ አትመነው። ከግድቡ ጎን፣ ባልተነካው መሬት ላይ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት የትርፍ ውሃ መውጫ ይቆረጥ።

አሲድ መሆኑን በፒኤች ወረቀት (የአሲዱን መጠን በቀለም በሚያሳየው ወረቀት) ለካ፤ ኩሬው ላይ ብቻ ሳይሆን ቦዩ ታች ድረስ። ብረቱ ሲዘቅጥ ተጨማሪ አሲድ ስለሚወጣ ታች ሊብስ ይችላል። 7 ልከኛ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይብሳል። ከ4 በታች ካየህ ከብት እንዳይጠጣው። ቦዩ ላይ የኖራ ድንጋይ መደርደር ይረዳል። እኛ አገር የሞላው ጥቁር ድንጋይ ግን ባዛልት ነው፣ አሲዱን ቶሎ አያበርደውም። አንድ ነጋዴ ኖራ ነው ካለህ፣ ጥቂት ፍጨውና ኮምጣጤ ጠብ አድርግበት። አረፋ ካላወጣ ይመልስልህ። ብረት ሲለብስም ሥራ ስለሚያቆም በየጊዜው ይገላበጣል።

በነገራችን ላይ፣ የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ አካባቢውን መልሶ ለማስተካከል ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል፤ ባህላዊ ቆፋሪዎችን አይመለከትም። ፈቃዱ የማን ነበር? ቀበሌው በደብዳቤ ይጠይቅ። በቃል አይሆንም።

ሐይቅ ዳር
ዝንጀሮውን ከማባረር ውሃ ስጠው ባይ ነኝ። ከላይ ንጹህ ምንጭ ካለ ገንዳ ሥራለት። የቀረበውን ትቶ ለምን ኩሬው ድረስ ይወርዳል? ከብቱም ይጠቀምበታል።

የአምባሰሉ
ኑሩልኝ! ብርጭቆውን ሞከርኩት፤ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ማታ ላይ ቀላ። ተመስገን ነው። ምንጭ አለ፣ ገንዳውን ከልጆቹ ጋር እንሠራዋለን። የደብዳቤውንም ነገር ለሊቀመንበሩ ነግሬያለሁ፤ ፊቱን አጨማደደ እንጂ እምቢ አላለም። አሁን የቸገረኝ ሽቦው ነው። ኮምቦልቻ ወፍራሙን የሚሸጥ የምታውቁ ጠቁሙኝ። የዶሮ ሽቦውንማ ጃርቱ ይጫወትበታል።