«ፊርኾ ጊዜውን አባከነ» በሚለው አስተያየት ላይ የተነሣ ክርክር

የታሪክ መምህርት፦ ዶክተሩ ትናንት ማታ «ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ ቤተ ሙከራውን ትቶ የምክር ቤት ወንበር ሲያሞቅ ጊዜውን አባከነ» ብለው የጻፉትን ሳነብ በጣም አዘንኩ፤ ተናደድኩም። የፕሩሺያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1848 ታይፈስ የተባለው ወረርሽኝ ወደፈጀው፣ ፖላንድኛ ተናጋሪዎች ወደሚኖሩበት የግዛቱ ክፍል፣ ወደ ላይኛው ሲሌዥያ የላከው ይህ የ26 ዓመት ሐኪም የመድኃኒት ዝርዝር ይዞ አልተመለሰም። ሕዝቡን የሚያድነው ትምህርት፣ መንገድ፣ አፉን በፈታበት በፖላንድኛ መገልገል፣ ከድሃው ጫንቃ ወርዶ ሀብታሙ የሚሸከመው ግብርና ሙሉ ዴሞክራሲ ነው ብሎ ጻፈ። «ፖለቲካ ማለት በሰፊው የሚሠራ ሕክምና ነው» ያለውም በዚያው ዓመት ነው። ይህን ያለ ሰው ከዚያ በኋላ አስከሬን ብቻ ሲመረምር ቢኖር ኖሮ ነበር ጊዜውን አባከነ የሚባለው።

ዶክተሩ፦ እህቴ፣ ቃሌን አላጥፍም። የሲሌዥያውን ዘገባ ትልቅነት አልካድኩም፤ የተናገርኩት ከዚያ ወዲያ ስላለው ነው። በ1858 እያንዳንዱ ሕዋስ ከሌላ ሕዋስ እንደሚገኝ የሚያስተምረውን መጽሐፉን ያሳተመ ሰው በዓመቱ የበርሊን ከተማ ምክር ቤት ገባ፤ ቀጥሎ የፕሩሺያ ፓርላማ፣ ከ1880 እስከ 1893 ደግሞ የመላው ጀርመን ፓርላማ የሆነው ራይሽስታግ። የሃንጋሪው ሐኪም ዜመልቫይስ ሐኪሞች እጃቸውን እንዲታጠቡ በማድረግ የአራሶችን ሞት ሲቀንስ ፊርኾ አልደገፈውም። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ሲያሳይም ተጠራጠረ። የበሽታን ሥር በአስተዳደር ብልሹነት ውስጥ ሲፈልግ የኖረ ሰው ተሕዋስያኑን ለመቀበል መቸገሩ አይቀርም። ብክነት ያልኩት ይህንን ነው።

የበርሊን ነዋሪ፦ «ጊዜውን አባከነ» የሚል ሰው ፊርኾ ምክር ቤት ሲገባ የነበረችውን በርሊን ያስባት። የየቤቱ እጣቢና ቆሻሻ በመንገዱ ዳር ክፍት በሆነ ቦይ ይወርድ ነበር። እሱ ተሟግቶ ምክር ቤቱን ካሳመነ በኋላ መሐንዲሱ ሆብሬኽት ከ1873 ጀምሮ ቦዩን ከመሬት በታች አወረደው፤ ፍሳሹም በፓምፕ እየተገፋ ከከተማ ውጭ ወዳሉ እርሻዎች ሄደ። የአሳማ ሥጋ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ትል እንዳይኖርበት በማይክሮስኮፕ እንዲመረመር የታገለውም እሱ ነው። በዚህ ምክንያት ሳይታመም የቀረ ሕፃን በየትኛው የምርምር መጽሔት ይቆጠራል?

ዶክተሩ፦ ወንድሜ፣ ቦዩን የሠራው ሆብሬኽት ነው። ምክር ቤት የሚገባ ሰው በርሊን አታጣም ነበር፤ ፊርኾን የሚተካ ፓቶሎጂስት (በሽታ በአካል ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ የሚያጠና ሐኪም) ግን አልነበረም።

የታሪክ መምህርት፦ ገንዘብ ካልተፈቀደለት መሐንዲስ ምን ይሠራል? ያንን ገንዘብ ለማስፈቀድ ቃሉ የሚደመጥ ሐኪም ያስፈልግ ነበር። ቃሉ የተደመጠው ደግሞ በ1849 ስለ ፖለቲካ አቋሙ ከበርሊኑ ቻሪቴ ሆስፒታል ሲታገድ እንኳ አንገቱን ስላልደፋ ነው።

ተማሪ ከጎንደር፦ የራስ ቅሎቹን ጉዳይ ሁላችሁም ዘለላችሁት። ከአፍሪካ ሳይቀር የሰው ራስ ቅል ሲሰበሰብለት የነበረን ሰው የድሆች ጠበቃ ብቻ አድርጋችሁ አታቅርቡት። ቻሪቴ በ2011 ሃያ የራስ ቅሎችን ለናሚቢያ መመለሱን አትርሱ።

የበርሊን ነዋሪ፦ እነዚያ ከ1904 እስከ 1908 የጀርመን ቅኝ ገዢዎች በናሚቢያ በሄሬሮና በናማ ሕዝብ ላይ ባደረሱት እልቂት የሞቱ ሰዎች ናቸው፤ ፊርኾ ግን በ1902 አርፏል። ከ6.7 ሚሊዮን በላይ የጀርመን ተማሪዎችን የፀጉርና የዓይን ቀለም አስመርምሮ «ንጹሕ የጀርመን ዘር» የሚባል ነገር እንደሌለ ያሳየውም እሱ ነው።

ተማሪ ከጎንደር፦ እነዚያን ሃያዎቹን ያስመጣው እሱ ነው አላልኩም። በ1869 የበርሊንን የአንትሮፖሎጂ (የሰው ልጅ ጥናት) ማኅበር ካቋቋሙት አንዱ ነው፤ ዘመድ ሳይጠየቅ የሟችን ራስ ቅል መደርደሪያ ላይ የማስቀመጥን ልማድ ያስከበረው እንዲህ ያለ ስመ ጥር ሰው ነው። ለጀርመን ሕፃናት የተሟገተበትን ያህል ለእነዚህ ሟቾች የተሟገተበትን ቦታ አሳዩኝ።

ዶክተሩ፦ ይህ ራሱን የቻለ ከባድ ጥያቄ ነው፤ የእኔን ግን አይመልስም። ምክር ቤት በዋለበት ጊዜ ኮኽ ያየውን ለማየት ሞክሮ ቢሆን ኖሮ ስንት ዓመት እንቀድም ነበር?

የታሪክ መምህርት፦ ዶክተር፣ በርሊን ያለ ቦይ ስንት ዓመት ትቆይ እንደነበር እርስዎም ይመልሱልኝ።